በስልክ ፎቶ ውስጥ የሚቀመጥ የቦታ መረጃ፦ ማንበብ፣ ለእርሻ ሥራ ማዋልና መጠበቅ

ለአቃቂ ቃሊቲና አካባቢው እህል አምራቾች፣ አትክልት አልሚዎችና ከብት አርቢዎች የተዘጋጀ የሥልጠና ጽሑፍ

የትምህርቱ ዓላማ

ይህን ትምህርት ስትጨርሱ፦

• በስልክ የተነሳ ፎቶ ከምስሉ ሌላ ምን ምን መረጃ እንደሚይዝ ታውቃላችሁ፤
• የፎቶውን ቦታና ቀን ፈልጋችሁ ታነባላችሁ፤
• የሰብል በሽታና ተባይ ፎቶን ባለሙያ ማሳውን በቀላሉ እንዲያገኝ አድርጋችሁ ትልካላችሁ፤
• ከብትና ምርት ለመሸጥ በምታወጡት ፎቶ የቤታችሁን ቦታ እንዳታስተላልፉ ትጠነቀቃላችሁ፤
• ፎቶ ምን እንደሚያስረዳና ምን እንደማያስረዳ ትለያላችሁ።

1. መግቢያ

ዛሬ ብዙዎቻችሁ ወደ ማሳ የምትወጡት ስልክ በኪሳችሁ ይዛችሁ ነው። የስንዴው ቅጠል ሲለወጥ፣ ጎመኑን ክሽክሽ ሲወረው፣ የላሟ ጡት ሲያብጥ ፎቶ አንስታችሁ ለግብርና ባለሙያ ወይም ለእንስሳት ሐኪም ትልካላችሁ። ወይፈን ወይም የወተት ላም ለመሸጥ ስታስቡ ደግሞ ፎቶውን በቴሌግራምና በፌስቡክ ታወጣላችሁ። በሁለቱም ጊዜ የላካችሁት ምስል ብቻ ይመስላችኋል።

ነገር ግን አብዛኛው ዘመናዊ ስልክ፣ ካሜራው ከተፈቀደለት፣ ፎቶው የተነሳበትን ቦታ በቁጥር አድርጎ በዚያው የፎቶ ፋይል ውስጥ ያስቀምጣል። ቁጥሩ በምስሉ ላይ አይታይም። ማንበብ የሚያውቅ ሰው ግን በጥቂት ሰከንድ ያገኘዋል።

ይህ መረጃ ይጠቅማልም፣ ይጎዳልም። በማሳችሁ የታየው በሽታ የት እንዳለ ለባለሙያ ሲናገር ይጠቅማል። ከብቶቻችሁ የሚያድሩበትን በረት ለማታውቁት ሰው ሲናገር ይጎዳል። ስለዚህ የዚህ ትምህርት ፍሬ ነገር አንድ ነው፦ ቦታው መቼ ከፎቶው ጋር እንደሚሄድ፣ መቼ እንደሚቀር የምትወስኑት እናንተ ናችሁ፤ ስልኩ ሊወስንላችሁ አይገባም።

2. በፎቶ ፋይል ውስጥ ምን ይጻፋል?

ፎቶን በፖስታ እንደተላከ ደብዳቤ ቁጠሩት። ምስሉ ደብዳቤው ነው። ከፖስታው ጀርባ ደግሞ የላኪው አድራሻና ቀን ይጻፋል። በስልክ ፎቶም እንዲሁ ከምስሉ ጋር አብሮ የሚቀመጥ ጽሑፍ አለ። ይህ አጻጻፍ «ኤግዚፍ» ይባላል። የወጣውም እ.ኤ.አ. በ1995 በጃፓን የኤሌክትሮኒክስ ኢንዱስትሪ ማኅበር ሲሆን፣ ዛሬ በዓለም ያሉ ካሜራዎችና ስልኮች ሁሉ ማለት ይቻላል ይጠቀሙበታል።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ በብዛት የሚገኙት የሚከተሉት ናቸው፦

• ፎቶው የተነሳበት ቀንና ሰዓት፤
• የስልኩ ወይም የካሜራው ስምና ሞዴል፤
• የብርሃንና የሌንስ ልኬቶች፤
• ሎኬሽን ክፍት ከነበረ፣ የቦታው ኬክሮስና ኬንትሮስ፣ ከባሕር ወለል በላይ ያለው ከፍታ፣ አንዳንዴም ካሜራው የዞረበት አቅጣጫ።

ቀኑን ስታነቡ ሁለት ነገር አስተውሉ። አንደኛ፣ ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ሁለተኛ፣ ሰዓቱ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ የሚቆጠር ነው። ለምሳሌ «2024:09:14 09:20» የሚል ቢገኝ፣ መስከረም 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከጠዋቱ 3፡20 ማለት ነው። የስልኩ ቀንና ሰዓት ተሳስቶ ከተሞላ የፎቶውም ቀን ይሳሳታል። ስለዚህ አስቀድማችሁ አስተካክሉት።

3. ስልኩ ቦታውን እንዴት ያውቃል?

ስልኩ ቦታውን የሚያውቀው በዋናነት ጂፒኤስ በተባለው የሳተላይት ሥርዓት ነው። ሳተላይቶቹ ከምድር በላይ 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይዞራሉ፤ ለሥራው ቢያንስ 24 ያስፈልጋሉ። ስልኩ ከአራት ወይም ከዚያ በላይ ከሆኑት ምልክት ሲቀበል፣ ምልክቱ ለመድረስ የፈጀውን ጊዜ አስልቶ የቆመበትን ነጥብ ያወጣል። ሥርዓቱ የአሜሪካ መንግሥት ሲሆን፣ እስከ ግንቦት ወር 2000 እ.ኤ.አ. ድረስ ለሲቪል ተጠቃሚ የሚደርሰው ምልክት ሆን ተብሎ እንዲዛባ ይደረግ ነበር። ከዚያ ወዲህ ክልከላው ተነስቶ ማንኛውም ሰው በነፃ ይጠቀምበታል።

ለእናንተ የሚጠቅሙት ነጥቦች እነዚህ ናቸው፦

• ጂፒኤስ ሲም ካርድም ሆነ ዳታ አይፈልግም። ኔትወርክ በሌለበት ማሳም ይሠራል። ዳታ የሚያስፈልገው ካርታውን ለመክፈትና ፎቶውን ለመላክ ነው።
• ክፍት ሰማይ ይፈልጋል። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ በፎቅ መካከል ወይም ጥቅጥቅ ባለ ዛፍ ሥር ሲሆን ይዛባል።
• ሎኬሽን እንደከፈታችሁ ወዲያው ፎቶ ብታነሱ፣ ስልኩ ቀደም ሲል የነበራችሁበትን ቦታ ሊጽፍ ይችላል። አንድ ሁለት ደቂቃ በክፍት ቦታ ጠብቁ።
• በደህና ሁኔታ የስልክ ጂፒኤስ ስህተት 5 ሜትር ገደማ ነው። ሩብ ሄክታር መሬት በካሬ ቢለካ 50 ሜትር በ50 ሜትር ነው። ስለዚህ ማሳውን ለማግኘት ይበቃል፤ ድንበር ለመለየት ግን አይበቃም።

4. የቦታ ቁጥሩን ማንበብ

ቦታ በሁለት ቁጥሮች ይገለጻል። ኬክሮስ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ምን ያህል እንደራቅን ይነግራል። ኬንትሮስ ደግሞ በእንግሊዝ አገር ግሪኒች ከሚያልፈው መስመር ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ያለውን ርቀት ይነግራል። ኢትዮጵያ በ3 እና በ15 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ፣ በ33 እና በ48 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ መካከል ትገኛለች።

ያው ቦታ በሁለት ዓይነት ሊጻፍ ይችላል። በአቃቂ ያለ አንድ ነጥብ እንውሰድ፦

• በዲግሪ፣ በደቂቃና በሰከንድ፦ 8° 52′ 12″ ሰሜን፣ 38° 47′ 24″ ምሥራቅ፤
• በአስርዮሽ፦ 8.87፣ 38.79።

ሁለቱ አንድ ናቸው። ደቂቃውን ለ60፣ ሰከንዱን ለ3,600 አካፍላችሁ ከዲግሪው ጋር ብትደምሩ ሁለተኛውን ታገኛላችሁ።

ከነጥብ በኋላ ያሉት አሃዞች ብዛት ትርጉም አለው። አንድ ዲግሪ ኬክሮስ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከነጥብ በኋላ 2 አሃዝ ካለ ወደ 1 ኪሎ ሜትር፣ 3 አሃዝ ካለ ወደ 110 ሜትር፣ 4 አሃዝ ካለ ወደ 11 ሜትር፣ 5 አሃዝ ካለ ወደ 1 ሜትር ይጠጋል። ስለዚህ «8.87፣ 38.79» ብሎ የላከ ሰው ሰፈሩን ነገረ እንጂ ማሳውን አልነገረም። ለባለሙያ ስትልኩ ቢያንስ 5 አሃዝ ይኑረው። ሰፈራችሁን ብቻ ማሳወቅ ስትፈልጉ ደግሞ 2 አሃዝ ይበቃል።

የቁጥሮቹን ቅደም ተከተል አትለዋውጡ። መጀመሪያ ኬክሮስ፣ ቀጥሎ ኬንትሮስ ይጻፋል። የላይኛውን ነጥብ ገልብጣችሁ «38.79፣ 8.87» ብትጽፉ፣ ካርታው ከጣሊያኗ ደሴት ከሰርዲኒያ በስተደቡብ ሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ ይወስዳችኋል። በአቃቂ አካባቢ የመጀመሪያው ቁጥር በ8፣ ሁለተኛው በ38 መጀመሩን ካያችሁ ቅደም ተከተሉ ትክክል ነው።

5. በስልካችሁ እንዴት ታገኙታላችሁ?

ሀ. በአንድሮይድ ስልክ። ፎቶውን በጎግል ፎቶስ ክፈቱና ምስሉን በጣታችሁ ወደ ላይ ግፉት። ቀኑ፣ የስልኩ ሞዴልና የፋይሉ መጠን ይታያል። ቦታ ከተመዘገበ ትንሽ ካርታ ይወጣል፤ ስትነኩት ቁጥሩንና ሥፍራውን ያሳያል። በስልኩ ጋለሪ ከሆነ «ዲቴይልስ» የሚለውን ፈልጉ። አንዳንዴ ጎግል ፎቶስ ፎቶው ውስጥ ያልተጻፈን ቦታ በግምት ያስቀምጣል፤ ግምት መሆኑን የሚገልጽ ቃል አብሮ ካለ በዚያ አትተማመኑ።

ለ. በአይፎን። ፎቶውን ከፍታችሁ ወደ ላይ ግፉት፣ ወይም ከሥር ያለውን የመረጃ ምልክት ንኩ። ቀኑና ካርታው ይመጣል።

ሐ. በኮምፒውተር። በፎቶው ፋይል ላይ የማውሱን የቀኝ ቁልፍ ተጫኑ፤ «ፕሮፐርቲስ»፣ ቀጥሎ «ዲቴይልስ» በሉ። ወደ ታች ስትወርዱ «ጂፒኤስ» የሚል ክፍል ካለ ቦታው ተመዝግቧል ማለት ነው።

ምንም ቦታ ካላገኛችሁ ካሜራው አልተፈቀደለትም ማለት ሊሆን ይችላል። ለመፍቀድ ሁለት ቦታ ማብራት ያስፈልጋል፦ አንዱ የስልኩ ዋና ሎኬሽን ነው፤ ሌላው በካሜራው ሴቲንግ ውስጥ ያለው ነው። ስሙ ከስልክ ስልክ ይለያያል፤ «ሎኬሽን ታግ»፣ «ሴቭ ሎኬሽን» ወይም «ጂፒኤስ ሎኬሽን» ሊባል ይችላል። ለማጥፋትም በዚያው ቦታ ነው። ባለ ቁልፍ ቀላል ስልክ ብዙውን ጊዜ ጂፒኤስ የለውም፤ ካሜራ ቢኖረውም ቦታ አይመዘግብም።

6. ለእርሻ ሥራ የሚሰጠው ጥቅም

ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ በሽታና ተባይ የሚሸነፈው ገና ሲጀምር ነው። የስንዴ ዋግ ዘር በነፋስ ይጓዛል፤ በአንድ ማሳ ጥግ የታየ ቢጫ ዋግ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሰፊ ቦታ ያዳርሳል። እ.ኤ.አ. በ2010 በአገራችን የተነሳው የቢጫ ዋግ ወረርሽኝ በርካታ የስንዴ አምራች አካባቢዎችን ጎድቷል። ከዚያ በኋላ በ2013 እ.ኤ.አ. «ዲገሉ» በተባለው በስፋት ይዘራ በነበረ የስንዴ ዝርያ ላይ የግንድ ዋግ ተነስቶ በባሌ ከባድ ጉዳት አድርሷል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ባለሙያው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የት ነው የታየው?» ብሎ ነው። «ከወንዙ ማዶ፣ ከትልቁ ዛፍ አጠገብ» የሚል መልስ ለጎረቤት ይበቃል፤ አካባቢውን ለማያውቅ ባለሙያ ግን አይበቃም።

ቦታን በስልክ መዝግቦ የመላክ ጥቅም በአገራችን በግልጽ የታየው በበረሃ አንበጣ ጊዜ ነው። ከ2019 እ.ኤ.አ. አጋማሽ ጀምሮ አንበጣው ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ በሚቀጥለው ዓመት በሰሜን ወሎና በራያ ጭምር የደረሰ ሰብል አውድሟል። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ያን ጊዜ «ኢ-ሎከስት3ኤም» የተባለ የስልክ መተግበሪያ አሰራጨ። ተጠቃሚው አንበጣውን ባየበት ቆሞ ይመዘግባል፤ ስልኩ ቦታውን ከሳተላይት ይወስዳል፤ ኔትወርክ ሲገኝ ሪፖርቱ ይሄዳል። የአንበጣ መንጋ በቀን ብዙ ኪሎ ሜትር ስለሚጓዝ፣ ያለ ትክክለኛ ቦታና ቀን የሚረጭ አውሮፕላን መላክ ከንቱ ድካም ነው።

ቡና አምራች ወገኖቻችሁም ዛሬ ስለ ቦታ ቁጥር ይጠየቃሉ። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 እ.ኤ.አ. ያወጣው ደንብ ቁጥር 2023/1115፣ ወደ ኅብረቱ አገሮች የሚገባ ቡና የበቀለበት መሬት በቦታ ቁጥር እንዲታወቅ ያዛል። 4 ሄክታርና ከዚያ በታች ለሆነ ማሳ አንድ ነጥብ ይበቃል፤ ቁጥሩም ከነጥብ በኋላ ቢያንስ 6 አሃዝ እንዲኖረው ይጠየቃል። የማሳ ቦታ ቁጥር ከምርቱ ጋር ወደ ገበያ መሄድ ጀምሯል ማለት ነው።

እናንተም በአቃቂ በጥቁር ኮትቻ አፈር ላይ ጤፍ፣ ስንዴና ሽምብራ ታመርታላችሁ፤ በወንዙ ዳር አትክልት ታለማላችሁ። በቅርባችሁ ቢሾፍቱ የሚገኘው የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል በእነዚሁ ሰብሎች ላይ ይሠራል። ቦታውና ቀኑ ያለበት ጥሩ ፎቶ ከእናንተ ማሳ እስከ ተመራማሪ ጠረጴዛ ሊደርስ ይችላል። እንዲደርስ ግን እንደሚከተለው አንሱት፦

1) ከቤት ሳትወጡ ሎኬሽን ክፈቱ፤ የስልኩን ቀን አረጋግጡ።
2) ማሳው ውስጥ፣ ምልክቱ በታየበት ቦታ ላይ ቁሙ። ከመንገድ ዳር ሆናችሁ አቅርባችሁ አታንሱ። ስልኩ የሚመዘግበው እናንተ የቆማችሁበትን ነው እንጂ ካሜራው ያየውን አይደለም። ከወንዝ ማዶ ያለን ማሳ ከወዲህ ሆናችሁ ብታነሱ፣ ቁጥሩ የወዲህኛውን ይላል።
3) ሦስት ፎቶ አንሱ፦ የማሳውን ገጽታ፣ የታመመውን ተክል ሙሉውን፣ ቅጠሉን ወይም ፍሬውን ከቅርብ። ከቅጠሉ አጠገብ ሳንቲም ወይም እስክሪብቶ ብታደርጉ መጠኑ ይለያል። የቅጠሉን ጀርባም አትርሱ።
4) ከማሳው ሳትወጡ ፎቶውን ከፍታችሁ ቦታው መመዝገቡን ተመልከቱ።
5) ከፎቶው ጋር በጽሑፍ ይህን ጨምሩ፦ የዝርያው ስም፣ የተዘራበት ቀን፣ ምልክቱ የታየበት ቀን፣ ከማሳው ስንት እጅ እንደተያዘ፣ የተረጨ ነገር ካለ ስሙ።

7. ሲላክ ቦታው ለምን ይጠፋል?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ፎቶን በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ እንደ ተራ ፎቶ ስትልኩ፣ መተግበሪያው ምስሉን ያሳንሰዋል፤ ውስጡ የተጻፈውንም ቦታ ያወጣዋል። ስለዚህ ደክማችሁ በማሳው ውስጥ ያነሳችሁት ፎቶ ለባለሙያው ሲደርስ ቦታ አልባ ሆኖ ይደርሳል። ይህን ለማስቀረት ሦስት መንገድ አለ፦

• ፎቶውን እንደ «ፋይል» ወይም እንደ «ዶክመንት» ላኩት። ዋናው ፋይል እንዳለ ይሄዳል፤ ቦታውም አብሮ ይሄዳል። መጠኑ ትልቅ ስለሆነ ዳታ ይበላል፤ ሦስቱንም ሳይሆን አንዱን እንዲህ ብትልኩ ይበቃል።
• ፎቶውን እንደ ተራ ፎቶ ላኩና ቁጥሩን በጽሑፍ ከሥሩ ጻፉ። ዳታ ከሌለ ቁጥሩን በአጭር የጽሑፍ መልእክት መላክ ይቻላል።
• በማሳው ቆማችሁ በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ «ሎኬሽን» የሚለውን ላኩ።

ዋናውን ፎቶ ከስልካችሁ አታጥፉ። ሌላ ሰው መልሶ የላከላችሁ ቅጂ ቦታውንም የመጀመሪያውን ቀንም ላይዝ ይችላል።

8. ቦታው አብሮ መሄድ የሌለበት ጊዜ

አሁን ነገሩን ከሌላው ወገን እንየው። አንድ አርቢ ለበዓል የሚሸጥ ሰንጋ አለው እንበል። በበረቱ ደጅ አስቁሞ ፎቶ ያነሳውና ብዙ ሺህ ሰው ባለበት የገበያ ቡድን ውስጥ ጥራቱ እንዳይቀንስ ብሎ እንደ ፋይል ይልከዋል። በዚያ ፋይል ውስጥ ሰንጋው የሚያድርበት ቦታ በ5 ሜትር ልዩነት ተጽፏል። ቀኑና ሰዓቱም አለ። ገዢው ያያል፤ ሌባም ያያል። የወተት ላም፣ የውኃ መሳቢያ ሞተር፣ የተከማቸ እህል ፎቶም እንዲሁ ነው። የልጆች ፎቶ ከሁሉ ይብሳል።

መረጃው ምን ያህል ሰው እንደሚያጋልጥ በዓለም የታወቀ ምሳሌ አለ። የኮምፒውተር ፀረ ቫይረስ ኩባንያ መሥራች የነበረው ጆን ማካፊ በ2012 እ.ኤ.አ. የቤሊዝ ፖሊስ በጎረቤቱ ሞት ጉዳይ ሊጠይቀው ሲፈልገው ተሰውሮ ነበር። በዲሴምበር ወር «ቫይስ» የተባለው መጽሔት ጋዜጠኞቹ ከእሱ ጋር የተነሱትን ፎቶ በኢንተርኔት አወጣ። ፎቶው በአይፎን የተነሳ ነበር፤ ቦታውም አልወጣለትም። ያዩት ሰዎች ቁጥሩን አንብበው ጓቲማላ ውስጥ መሆኑን አወቁ። ከጥቂት ቀናት በኋላ እዚያው ተያዘ። ስለ ኮምፒውተር ደህንነት ሲሠራ የኖረ ሰው በፎቶ ከታወቀ፣ ለሌላውማ ጥንቃቄ እጅግ ያስፈልጋል።

ስለዚህ፦

• ለሽያጭ የምታነሱትን ፎቶ የካሜራውን ሎኬሽን አጥፍታችሁ አንሱት። ጨርሳችሁ ወደ ማሳ ስትወጡ መልሳችሁ አብሩት።
• ቦታው ያለበት ፎቶ አስቀድማችሁ ካነሳችሁ፣ ፎቶውን ከፍታችሁ ስክሪንሾት አንሱና ስክሪንሾቱን ላኩ። ስክሪንሾት የመጀመሪያውን ፎቶ የቦታ ቁጥር አይዝም። በአይፎን ሲላክ «ኦፕሽንስ» ውስጥ ገብቶ ሎኬሽን ማጥፋትም ይቻላል።
• ለማታውቁት ሰው ወይም ለብዙ ሰው በሚደርስ ቡድን ውስጥ ፎቶ እንደ ፋይል አትላኩ። በኢሜይል የተያያዘ ፎቶም ቦታውን ይዞ ይሄዳል።
• ፌስቡክና ቴሌግራም ቦታውን ከተመልካች ቢያወጡም፣ ድርጅቶቹ ራሳቸው ፎቶውን መቀበላቸውን አትርሱ።
• ምስሉ ራሱም ይናገራል። የበሩ ቀለም፣ የቤት ቁጥር፣ የመኪና ታርጋ፣ ከጀርባ የሚታይ የፋብሪካ ማማ ወይም የቤተ ክርስቲያን ጉልላት አካባቢውን ለሚያውቅ ሰው ይበቃል። ሰንጋውን ባዶ ግድግዳ ወይም ሜዳ ፊት አስቁማችሁ አንሱ።
• ገዢን መጀመሪያ ሰው በሚበዛበት ገበያ አግኙት። ቤት የሚጠራ ከሆነ የሚጠራው ማንነቱ ከታወቀ በኋላ ነው።

ስማችሁን፣ ስልክ ቁጥራችሁንና የማሳችሁን ቦታ የሚመዘግብ ድርጅት ወይም ግለሰብ ሲመጣ፣ ለምን ሥራ እንደሚፈልገው፣ ለማን እንደሚያስተላልፈው ጠይቁ። በአገራችን የግል መረጃን ለመጠበቅ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። መጠየቅ መብታችሁ ነው፤ ጠያቂውን እንደ መድፈር አይቆጠርም።

9. የሌላ ሰው ፎቶ ሲመጣላችሁ

ድርቆሽ፣ ፍግ፣ ችግኝ ወይም ጊደር በፎቶ አይታችሁ ቀብድ እንድትከፍሉ ስትጠየቁ ይህ እውቀት ይረዳል። ሻጩን «ፎቶውን እንደ ፋይል ላክልኝ» በሉት። ሲደርሳችሁ ቀኑንና ቦታውን ተመልከቱ። «ትናንት ያነሳሁት ነው» የተባለው ፎቶ የሁለት ዓመት ከሆነ፣ ወይም በቅርብ አለ የተባለው ድርቆሽ ሌላ ክልል የተነሳ ከሆነ፣ ገንዘብ ሳትልኩ ደግማችሁ ጠይቁ። ቦታ አለመኖሩ ግን ሻጩን ሌባ አያደርገውም፤ እሱም እንደ እናንተ ተጠንቅቆ ይሆናል። በዓይን አይቶ መግዛትን የሚተካ ፎቶ የለም።

10. ፎቶ የማያረጋግጠው ነገር

ይህን ክፍል በጥንቃቄ አንብቡት፤ የመሬት ነገር ነውና።

በአቃቂ የጎርፍ ጉዳት ያጋጥማል። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወንዞች ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ሲወርዱ በክረምት ሞልተው አትክልቱን ሊወስዱ ይችላሉ። ከተማውም እየሰፋ ይሄዳል። በእነዚህ ጊዜያት ከጉዳቱ በፊትና በኋላ ከአንድ ቦታ የተነሱ፣ ቀንና ቦታ ያላቸው ፎቶዎች ምን እንደተዘራና ምን እንደጠፋ ለማሳየት ይረዳሉ። በየወሩ አንድ ጊዜ ማሳችሁን ከአንድ ቋሚ ነጥብ ማንሳት ጥሩ ልማድ ነው።

ነገር ግን፦

• ፎቶ የይዞታ ማረጋገጫ አይደለም። እዚያ ቦታ ላይ ስልክ እንደነበረ ይናገራል እንጂ መሬቱ የማን እንደሆነ አይናገርም።
• ቁጥሩና ቀኑ በኮምፒውተር ሊለወጡ ይችላሉ። ስለዚህ ፎቶ ከሌላ ማስረጃ ጋር ደጋፊ ነው፤ ከጎረቤት ምስክር፣ ከባለሙያ ሪፖርትና ከይዞታ ሰነድ ጋር አያይዙት።
• የ5 ሜትር ስህተት ድንበርን ያፈናቅላል። በስልክ ቁጥር ተነስታችሁ ከጎረቤት ጋር አትጣሉ።
• የስልኩን ቁጥር ከይዞታ ካርታችሁ ቁጥር ጋር በቀጥታ አታወዳድሩ። በካርታው ላይ 476,000 እና 980,000 የመሰሉ ቁጥሮች ካያችሁ በሜትር የተጻፉ ናቸው። የአገራችን ካርታዎች በብዛት የተሠሩትም «አዲንዳን» በሚባል የልኬት መነሻ ሲሆን፣ ስልኩ የሚጠቀመው ሌላ መነሻ ነው። በሁለቱ መካከል ከ100 ሜትር በላይ ልዩነት አለ። ይህን ያልተረዳ ሰው «መሬቴ ተወስዷል» ብሎ ሊደናገጥ ይችላል። ማስተካከያውን ለቀያሽ ባለሙያ ተዉለት።

11. የተግባር ልምምድ

ተግባር 1፦ ሎኬሽን ከፍታችሁ በሥልጠናው ግቢ ክፍት ቦታ አንድ ፎቶ፣ በአዳራሹ ውስጥ ሌላ ፎቶ አንሱ። የሁለቱን ቁጥር አወዳድሩ። ልዩነታቸው ስንት ሜትር ይሆናል?

ተግባር 2፦ የግቢውን ፎቶ ለጎናችሁ ሠልጣኝ አንድ ጊዜ እንደ ፎቶ፣ አንድ ጊዜ እንደ ፋይል ላኩ። በየትኛው ቦታው ተገኘ? ከዚያ ስክሪንሾቱን ልካችሁ ደግማችሁ ፈልጉ።

ተግባር 3፦ በስልካችሁ ጋለሪ ያሉ አሥር የቆዩ ፎቶዎችን ክፈቱ። ስንቶቹ ቦታ ይዘዋል? ከእነዚህ ውስጥ ቤታችሁን የሚያሳዩት ስንት ናቸው? ለማን ልካችኋቸዋል?

ስልክ ማንበብ የሚያስቸግራቸው አባቶችና እናቶች ካሉ፣ ከወጣቶቹ ጋር ሁለት ሁለት ሆናችሁ ሥሩ።

12. የመወያያ ጥያቄዎች

1) በማሳችሁ ቢጫ ዋግ ብታዩ የትኛውን የአላላክ መንገድ ትመርጣላችሁ? ለምን?
2) አንድ ገዢ «ላሟን በፋይል ላክልኝ» ቢላችሁ ምን ትመልሳላችሁ?
3) ጎረቤታችሁ በስልኩ ጂፒኤስ ድንበር ልለይ ቢል ምን ትመክሩታላችሁ?
4) በቤታችሁ ስልክ የሚጠቀሙ ልጆች ይህን እንዲያውቁ እንዴት ታስረዷቸዋላችሁ?

ማጠቃለያ

ፎቶ የቆማችሁበትን ቦታ ሊይዝ ይችላል። ለባለሙያ ስትልኩ ቦታው አብሮ ይሂድ፦ ማሳው ውስጥ ቆማችሁ አንሱ፣ እንደ ፋይል ላኩ ወይም ቁጥሩን ጻፉ። ለገበያ ስታወጡ ቦታው ይቅር፦ ሎኬሽን አጥፉ ወይም ስክሪንሾት ላኩ። በመሬት ጉዳይ ፎቶን እንደ ደጋፊ እንጂ እንደ ዳኛ አትቁጠሩት። ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ የካሜራችሁን ሎኬሽን ክፍት ወይም ዝግ መሆኑን ተመልከቱ፤ ያወቃችሁትንም ለቤተሰባችሁና ለጎረቤታችሁ አሳዩ።